ፓስወርዱ ሳይነካ የሚከፈት ዋይፋይ፦ አንድሮይድ ስልካችሁ ለክራክ የተጋለጠ መሆኑን መፈተሽና መከላከል

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር አድርጉ። ስልኩ ላይ ሴቲንግ ግቡ፣ እስከ ታች ወርዳችሁ «ስለ ስልክ» የሚለውን ክፈቱ፣ «የአንድሮይድ ስሪት» የሚለውን ተጫኑ። እዚያ ውስጥ «የደህንነት ዝማኔ» ወይም «ሴኩሪቲ ፓች» ከሚል ጽሑፍ ጋር አንድ ቀን ታያላችሁ። ሳምሰንግ ላይ ያው ቀን «ስለ ስልክ» ውስጥ ካለው «የሶፍትዌር መረጃ» ሥር ነው።

ቀኑ ኖቬምበር 6 ቀን 2017 ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ክራክ (KRACK) የተባለው የዋይፋይ ክፍተት ስልካችሁ ላይ ተደፍኗል። ኖቬምበር 1 ወይም ኖቬምበር 5 ቀን 2017 የሚል ከሆነ ግን አልተደፈነም ብላችሁ ቁጠሩት። ጉግል በዚያ ወር ጥገናውን ያወጣው በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነው፤ የዋይፋዩ ጥገና ያለው በሦስተኛው፣ በ6ኛው ቀን በተሰየመው ውስጥ ነው። የቀናት ልዩነት ቀልድ ቢመስልም እዚህ ጋ ሁሉም ነገር ያለው እሷ ውስጥ ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ ስልኩ እንደሚያሳየው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ያሉት ስሪቶች የወጡት ከጥገናው በኋላ ስለሆነ ለክራክ ሲባል መጨነቅ አያስፈልግም። መፈተሽ ያለባቸው 8፣ 7፣ 6 እና ከዚያ በታች ያሉት ናቸው። ስልክ ብቻ አይደለም፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ታብሌት፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ የተሰካ የአንድሮይድ ሳጥን፣ የመኪና ስክሪን ጭምር። በተለይ የቴሌቪዥን ሳጥኖች በአንድሮይድ 6 ወይም 7 ተሸጠው አንድም አፕዴት ሳያገኙ ዓመታት የሚያልፋቸው ብዙ ናቸው።

የተሰበረው ምንድን ነው?

ክራክን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2017 ይፋ ያደረጉት ቤልጅየም ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ማቲ ቫንሆፍ እና ፍራንክ ፒሰንስ ናቸው። ችግሩ የአንድ አምራች ስህተት አልነበረም፤ ደብሊውፒኤ 2 የሚባለው የዋይፋይ ምስጠራ ሥርዓት ራሱ ላይ የተገኘ ነው። አንድሮይድ ላይ የከፋበት ምክንያት ለብቻው ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ስልክና ራውተር ሲገናኙ ፓስወርዱን በአየር ላይ አይላላኩም። ሁለቱም ፓስወርዱን እንደሚያውቁ ከተረጋገጡ በኋላ ለዚያች ግንኙነት ብቻ የምታገለግል አዲስ ቁልፍ ያወጣሉ። ይህ በአራት መልእክት ያልቃል። ራውተሩ በመጀመሪያው አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ ስልኩ በሁለተኛው የራሱን ይመልሳል፤ ራውተሩ በሦስተኛው «ቁልፉን አግኝቻለሁ፣ ያንተንም ሥራ ላይ አውል» ይላል፤ ስልኩ በአራተኛው «ደርሶኛል» ብሎ ቁልፉን ይተክላል። ከዚያ በኋላ የሚሄደው ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) ሁሉ በዚያ ቁልፍ ይመሰጠራል፣ እያንዳንዱም የራሱ ተራ ቁጥር አለው። ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ቁልፍ አንድ ተራ ቁጥር ሁለት ጊዜ አይሠራበትም።

አሁን አጥቂውን መሐል እናስገባው። የራውተሩን ስምና አድራሻ አስመስሎ በሌላ ቻናል ላይ ይቆማል፤ እውነተኛው በቻናል 6 ከሆነ እሱ ለምሳሌ በቻናል 1። የሁለቱን መልእክት እያቀባበለ አራተኛዋን ብቻ ያስቀራታል። ራውተሩ መልስ ስላልመጣለት ሦስተኛውን መልእክት ደግሞ ይልካል። ስልኩም ሲደርሰው ያንኑ ቁልፍ እንደ አዲስ ይተክልና የተራ ቁጥር ቆጣሪውን ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ጉዳቱ እዚህ ነው።

ለምን ጉዳት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። ስልኩ በተራ ቁጥር 1 የላከው ይዘቱ የሚገመት ነገር ነው እንበል፤ ገና የተገናኘ ስልክ መጀመሪያ የሚልከው የአይፒ አድራሻ ጥያቄ ዓይነት። ምስጠራው የሚሠራው ይዘቱን ከቁልፉና ከተራ ቁጥሩ ከሚወጣ የቁጥር ጅረት ጋር በማደባለቅ ነው። ቆጣሪው ተመልሶ በተራ ቁጥር 1 ሌላ ፓኬት ሲወጣ የተደባለቀው ከዚያው ጅረት ጋር ነው። አጥቂው ከመጀመሪያው ፓኬት ላይ የሚያውቀውን ይዘት ሲያነሳ ጅረቱ እጁ ላይ ይቀራል፤ ያንን ጅረት ከሁለተኛው ፓኬት ላይ ሲያነሳ ደግሞ የማያውቀው ይዘት ወለል ብሎ ይወጣል። ቁልፉን ማወቅ አላስፈለገውም፤ ፓስወርዱንም እንደዚያው።

አንድሮይድ 6.0 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ላይ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። አንድሮይድ ዋይፋይ የሚያገናኝበት ፕሮግራም ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት ይባላል። የዋይፋይ ደንቡ ቁልፉ አንዴ ከተተከለ በኋላ ከማህደረ ትውስታ ይጥፋ ብሎ ስለሚመክር፣ ፕሮግራሙ ከ2.4 ስሪት ጀምሮ ምክሩን ተቀብሎ ቦታውን በዜሮ ይሞላው ነበር። ሦስተኛው መልእክት ሲደገም ፕሮግራሙ «ቁልፉን ትከል» ይባልና የሚያገኘው 128 ቢት ዜሮ ብቻ ነው፤ ያንኑ ይተክለዋል። ቁልፉ ዜሮ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ምንም መገመት የለበትም፤ ስልኩ የሚልከውን እንዳለ ያነባል። ለጥንቃቄ የገባ መስመር በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው ማለት ነው። ክፍተቱ ይፋ በሆነበት ወቅት ከአንድሮይድ መሣሪያዎች 41 በመቶው ለዚህ ለከፋው ዓይነት የተጋለጡ እንደነበሩ አጥኚዎቹ ገልጸዋል።

ከ6.0 በታች ያለው አንድሮይድ ያረጀ ስለሆነ ዳነ ማለት አይደለም። ዜሮ ቁልፍ አይተክልም እንጂ በተራው መንገድ ይጠቃል። አይፎንና ዊንዶውስ በአንጻሩ የተደገመውን ሦስተኛ መልእክት ስለማይቀበሉ ከዋናው ጥቃት ተርፈው፣ ለሁሉም መሣሪያ በጋራ በሚታደለው የቡድን ቁልፍ በኩል ብቻ ተነክተዋል። አፕል አይፎን 7 እና ከዚያ በኋላ ያሉትን በአይኦኤስ 11.1፣ ከአይፎን 5ኤስ እስከ 6ኤስ ያሉትን በ11.2 ደፍኗል። አይፎን 5 አይኦኤስ 11 አይገባለትም።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ አጥቂው የዋይፋዩ ሲግናል በሚደርስበት ርቀት ውስጥ መሆን አለበት፤ አቅጣጫ ያለው አንቴና ርቀቱን ያራዝምለታል እንጂ ከሌላ አህጉር ሆኖ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ሁለተኛ፣ ፓስወርዱ አልተነካም። ስለዚህ ስለ ክራክ ሲሰማ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው፣ የዋይፋይ ፓስወርድ መቀየር፣ ምንም አይደፍንም። የኔትወርኩን ስም መደበቅና በማክ አድራሻ (በየመሣሪያው መለያ ቁጥር) ማጣራትም እንደዚያው። ዌፕ ወደሚባለው አሮጌ የዋይፋይ ምስጠራ መመለስ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ እሱ ያለ ክራክም በደቂቃዎች ውስጥ ይሰበራል።

አፕዴቱን ማስገባት

ዋናው መድኃኒት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው።

1. ባትሪውን ከግማሽ በላይ ሙሉ፤ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ብትተዉት የተሻለ ነው። መሐል ላይ የጠፋ ስልክ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል።
2. ፎቶና ስልክ ቁጥሮችን ሌላ ቦታ ገልብጡ። የወር ፓች ብዙ ጊዜ ዳታ አይነካም፤ ከ6 ወደ 7 ዓይነት ዝላይ ግን ሊያበላሽ ይችላል።
3. ቢያንስ 2 ጊጋባይት ቦታ አስለቅቁ። አሮጌ ስልኮች «አፕዴት የለም» ሳይሆን «አልተሳካም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ቦታ ሲያንሳቸው ነው።
4. ሴቲንግ ውስጥ «ስርዓት»፣ ከዚያ «የስርዓት ዝማኔ» ግቡ። ሳምሰንግ ላይ «የሶፍትዌር ዝማኔ» ለብቻው ተቀምጧል። ፈልግ ብላችሁ የመጣውን አውርዱና ጫኑ።
5. ስልኩ ተነስቶ ሲመለስ ቀኑን ድጋሚ እዩ፤ አፕዴትም እንደገና ፈልጉ። ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ ስልክ የሚታደሰው በደረጃ ነው፤ አንዱ ሲገባ ቀጣዩ ይመጣል። የመጀመሪያውን አስገብቶ «በቃ ታደሰ» ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ላይ «የጉግል ፕሌይ ስርዓት ዝማኔ» የሚል ሌላ ቀን አለ። እሱና የደህንነት ፓቹ ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የምታነቡት የደህንነት ፓቹን ቀን መሆኑን አረጋግጡ።

ሩት የተደረገ (የሥርዓቱ ሙሉ ፈቃድ የተከፈተለት) ወይም ቡትሎደሩ (ስልኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የተከፈተ ስልክ ብዙ ጊዜ የአምራቹን አፕዴት አይቀበልም። የአምራቹን ኦሪጅናል ፈርምዌር (የመሣሪያውን መሠረታዊ ሶፍትዌር) በኮምፒውተር መልሶ መጫን ያስፈልጋል፤ ሲጫን ደግሞ የፈርምዌሩን ቀን ሳያዩ ያገኙትን ማስገባት የተደፈነውን ስልክ መልሶ ይከፍተዋል። ፋክተሪ ሪሴት ግን ፓቹን አያጠፋም። በተቃራኒውም ያው ነው፦ ፓች ያላገኘ ስልክ ሪሴት ስላደረጋችሁት አይድንም።

አምራቹ ትቶት የሄደ ስልክ ከሆነና እንደ ሊንየጅ ኦኤስ ያለ፣ ከአምራቹ ውጭ የሚሠራ የአንድሮይድ ሥርዓት የተዘጋጀለት ከሆነ፣ ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት አብሮ ስለሚታደስ ክራክ ይደፈናል። ሆኖም ሥርዓቱ አዲስ ቀን እያሳየ የዋይፋይ ቺፑ ፈርምዌር የድሮው ሊሆን ይችላል። ሊንየጅ «ቬንደር» (የአምራቹ ክፍል) ብሎ የሚያሳየውን ሁለተኛ ቀን ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽሩ፤ የዓመታት ልዩነት ካለ የቺፑ ጉድ እንዳለ ነው።

ቀኑን ራሱ ምን ያህል ማመን ይቻላል? በ2018 በርሊን ያለው የሴኩሪቲ ሪሰርች ላብስ ቡድን አንዳንድ አምራቾች ቀኑን እየገፉ የወሩን ጥገና በሙሉ እንደማያስገቡ አሳይቷል። ስኑፕስኒች የተባለው አፕ የቡድኑ ሥራ ነው፤ በቀኑ ሥር መኖር የነበረባቸው ጥገናዎች በእርግጥ መኖራቸውን ይፈትሻል። ስማቸው ብዙም ከማይታወቅ አምራቾች የተገዛ ስልክ ካላችሁ መሞከሩ አይከፋም።

ፓች የማያገኝ ስልክ ይዛችሁ ከሆነ

እውነቱን ለመናገር የባንክ አፕና የሥራ ኢሜይል ያለበት ስልክ እንደዚህ ከሆነ መቀየር ነው የሚሻለው። እስከዚያ ድረስ ግን የዋይፋዩ ምስጠራ የለም ብላችሁ አስቡ፤ እንደ ክፍት ዋይፋይ ነው። ከላዩ ሌላ ሽፋን ታለብሱታላችሁ።

ቀላሉ ሞባይል ዳታ መጠቀም ነው። ክራክ የዋይፋይ እንጂ የሲም ኔትወርክ ችግር አይደለም፤ ባንክ የምትከፍቱበት ደቂቃ ላይ ዋይፋዩን አጥፉት። የተቀመጡ ኔትወርኮችንም ዝርዝር ግቡና የማያስፈልጉትን «እርሳ» በሏቸው፤ በሄዳችሁበት ሁሉ ስልኩ ራሱ እንዳይገናኝ።

ቀጥሎ ቪፒኤን፣ ማለትም ከስልኩ የሚወጣውን ዳታ በራሱ ምስጠራ ሸፍኖ የሚያሳልፍ አገልግሎት። መጫኑ ብቻ ግን አይበቃም። ሴቲንግ ውስጥ ወደ ቪፒኤን ገብታችሁ ከስሙ ጎን ያለችውን ባለ ጥርስ ማርሽ ምልክት ተጫኑና «ሁልጊዜ የበራ» የሚለውን አብሩ፤ ይህ ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ አለ። 8.0 ላይ «ያለ ቪፒኤን ግንኙነቶችን አግድ» የሚል ይጨመርበታል፤ እሱንም አብሩት። ምክንያቱም ስልኩ ዋይፋይ ካገኘበት ቅጽበት ቪፒኤኑ እስኪነሳ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አፖች ተሽቀዳድመው የሚልኩት ነገር አለ። ይህ ሲበራ የሆቴልና የኤርፖርት መግቢያ ገጽ አልከፍት ሊላችሁ ይችላል፤ ለዚያች ደቂቃ አጥፉት፣ ግቡ፣ መልሳችሁ አብሩ። ነፃ የሚባል ቪፒኤን ላይ ግን አስቡበት፦ ዳታችሁን ጎረቤት ከተቀመጠ አጥቂ አስጥላችሁ ለማታውቁት ኩባንያ ማስረከብ ሊሆን ይችላል።

ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በብሮውዘሩና በድረ ገጹ መካከል ያለው ምስጠራ፣ ሦስተኛው ነው። በኤችቲቲፒኤስ የተከፈተ ገጽ ይዘቱ በዜሮ ቁልፍ ዋይፋይ ላይ እንኳ አይነበብም። አደጋው መሸጋገሪያው ላይ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ባሳዩት ማሳያ በአግባቡ ያልተሠራ ድረ ገጽ ወደ ተራው ኤችቲቲፒ እንዲወርድ ተደርጎ የገባው የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ተነቧል። ስልኩ ላይ የታየው ምልክት አንድ ብቻ ነበር፣ የቁልፏ ምስል ከአድራሻው አጠገብ መጥፋቷ። ብሮውዘራችሁ ውስጥ «ሁልጊዜ ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት ተጠቀም» የሚለውን ወይም ፋየርፎክስ ላይ ኤችቲቲፒኤስ ብቻ የሚለውን አብሩ። ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያ ገጽ ሲመጣ «ቢሆንም ቀጥል» አትበሉ፤ ሴቲንጉ የበራው ለዚያች ቅጽበት ነው።

«የግል ዲኤንኤስ» (ስልኩ የድረ ገጽ አድራሻ ሲጠይቅ ጥያቄውን የሚመሰጥረው) ጥሩ ነገር ነው፤ የመጣው ግን በአንድሮይድ 9 ነው። የሚያስፈልጋቸው ስልኮች አያገኙትም።

ራውተሩ ላይ የሚሠራ ሥራ

ክራክ በዋነኝነት የስልኩ ወገን ክፍተት ነው፤ ራውተር ብቻ ማደስ ስልኩን አያድነውም። ቢሆንም በ192.168.1.1 ወይም በ192.168.0.1 (ትክክለኛው ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል) ገብታችሁ ጥቂት ነገር ማስተካከል ጉዳቱን በጣም ይቀንሳል።

ምስጠራውን ኤኢኤስ ብቻ አድርጉት። «ቲኪፕ» ወይም «ቲኪፕ+ኤኢኤስ» ወይም «ሚክስድ» የሚል ተመርጦ ከሆነ ቀይሩት። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በኤኢኤስ አጥቂው በአብዛኛው ማንበብና የቆየ ፓኬት መድገም ሲችል፣ በቲኪፕ ግን የራሱን ፓኬት ፈጥሮ ማስገባትም ይችላል። ያንን ያገኘ ሰው የምታነቡት ገጽ ውስጥ የራሱን ነገር ይጨምራል። ከቀየራችሁ በኋላ መገናኘት ያቃተው መሣሪያ ካለ፣ ያ መሣሪያ ኤኢኤስ የማያውቅ እጅግ አሮጌ ነው።

ሌላ ራውተር ወይም ሪፒተር ሲግናል የሚያራዝም ካለ እሱ ከዋናው ራውተር ፊት እንደ ስልክ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ልክ እንደ ስልኩ ይጠቃል፣ ከሥሩ ያሉት ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋሉ። መጀመሪያ የሪፒተሩን ፈርምዌር አድሱ። የፈርምዌሩ ማስታወሻ ላይ ከሲቪኢ-2017-13077 ጀምሮ ያሉ ቁጥሮችን ፈልጉ (ሲቪኢ፣ CVE፣ የደህንነት ክፍተቶች መለያ ቁጥር ነው)፤ 13077 ዋናው የአራት መልእክት ክፍተት፣ 13080 የቡድን ቁልፉ፣ 13082 ደግሞ ፈጣን ሮሚንግ (ስልክ ከአንድ ራውተር ወደ ሌላ ቶሎ የሚዛወርበት፣ 802.11 አር) በሚጠቀም ራውተር በራሱ ላይ ያለው ነው። ራውተሩ ፓች ከሌለውና ፈጣን ሮሚንግ የሚል ምርጫ ካለው አጥፉት።

ኦፕን ደብሊውአርቲ (ራውተር ላይ የሚጫን ነፃ ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ ከሆነ በዋይፋይ ደህንነት ገጽ ላይ የክራክ መከላከያ የሚል አማራጭ አለ። ሥራው ራውተሩ ሦስተኛውን መልእክት እንዳይደግም ማድረግ ነው፤ ሳይደገም ደግሞ ያልታደሰ ስልክም ቁልፉን ድጋሚ አይተክልም። ፓች የሌላቸው ስልኮች ያሉበት ቤት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ዋጋው ሲግናል ደካማ በሆነበት ወይም ኔትወርኩ በተጨናነቀበት ሰዓት አንዳንድ መሣሪያ መገናኘት ያቅተዋል፤ መልእክቷ በመንገድ ከጠፋች የሚደግማት የለምና። ስልኩ «በመገናኘት ላይ» ብሎ ከቀረ ወደ ራውተሩ ቀርባችሁ ሞክሩ። መከላከያው የሚሠራውም በዚያ ራውተር ላይ ብቻ ነው፤ ስልኩ ውጭ ሲወጣ ጥበቃው አይከተለውም።

የደብሊውፒኤ 2 ተተኪ የሆነው ደብሊውፒኤ 3 ያለው ራውተር ላይ «ደብሊውፒኤ 2/3» ድብልቅ ከመረጣችሁ አሮጌው ስልክ በ2 ነው የሚገባው፤ ለእሱ የተለወጠ ነገር የለም። 3 ብቻ ካደረጋችሁት ደግሞ ከነጭራሹ አይገናኝም።

ክሩክ፣ የክራክ ዘመድ

ዜሮ ቁልፍ በ2020 እንደገና መጣ፤ አሁን ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከቺፑ። ኢሴት የተባለው የደህንነት ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2020 ያሳወቀው ክሩክ (ሲቪኢ-2019-15126) ብሮድኮምና ሳይፕረስ የሠሯቸውን የዋይፋይ ቺፖች ይመለከታል። ስልኩ ከራውተሩ ሲላቀቅ ቺፑ ቁልፉን በዜሮ ይሞላዋል፤ ይህ ትክክል ነው። ስህተቱ በቋት (በጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ሳይላኩ የቀሩትን ፓኬቶች በዚያው ዜሮ ቁልፍ መስጥሮ መልቀቁ ነው። አጥቂው የሐሰት የመላቀቂያ መልእክት እየደጋገመ በየጊዜው የተወሰነ ኪሎባይት ይለቅማል።

ተመራማሪዎቹ ተጋላጭ ሆነው ካገኟቸው መካከል ኔክሰስ 5፣ ኔክሰስ 6፣ ጋላክሲ ኤስ4፣ ጋላክሲ ኤስ8፣ ሬድሚ 3ኤስ፣ አይፎን 6፣ 6ኤስ፣ 8 እና ኤክስአር፣ እንዲሁም ራስበሪ ፓይ 3 ይገኛሉ። አፕል በአይኦኤስ 13.2 ደፍኖታል፤ አይፎን 6 ግን 13 ስለማይገባለት ከዚህ ውጭ ነው። አንድሮይድ ላይ ጥገናው ከስልኩ አምራች ከቺፑ ፈርምዌር ጋር የሚመጣ ስለሆነ የ2017 ቀን ያለው ስልክ ክራክን ደፍኖ ክሩክን እንደያዘ ሊኖር ይችላል። ራውተሮችም ይህ ቺፕ አላቸው፤ የታደሰ ስልክ ይዛችሁ ያልታደሰ ራውተር ጋር ስትገናኙ ከራውተሩ ወደ እናንተ የሚመጣው ወገን ክፍት ይሆናል። የራውተሩን ፈርምዌር ስታድሱ ማስታወሻው ላይ ይህን ቁጥርም ፈልጉት።

በእጃችሁ ያለውን መሣሪያ በተግባር መፈተሽ ካስፈለገ ቫንሆፍ በነፃ የለቀቃቸው የክራክ መፈተሻ ስክሪፕቶች አሉ። ሊኑክስ ያለው ላፕቶፕና የሚደገፍ የዋይፋይ አስማሚ ይፈልጋሉ፤ ከመጀመራችሁ በፊት የአስማሚውን የሃርድዌር ምስጠራ ማጥፋት ግዴታ ነው፣ ካልጠፋ ውጤቱ አይታመንም። ላፕቶፑ የሙከራ ራውተር ይሆናል፤ ስልኩን ከእሱ ጋር አገናኝታችሁ አይፒ አድራሻ እስኪያገኝ ጠብቁ፣ ከዚያ ስክሪፕቱ ሦስተኛውን መልእክት እየደገመ ቆጣሪው መመለሱን ያያል። ስልኩን ከላፕቶፑ አንድ ሁለት ሜትር ላይ አድርጉት፣ ስክሪኑም እንዳይጠፋ ጠብቁት፤ ፓኬት የማይልክ ስልክ ተጋላጭ ቢሆንም ደህና መስሎ ይታያል።